አክሱም የተባለችው ሰርጓጅ እና የአራት ቶርፔዶ ሒሳብ

ቶርፔዶ በትኖ መተኮስ የዕድል ጉዳይ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አንዱ ቢስት ሌላው ይመታል በሚል። ሳይለንት ሃንተር 3 የተባለው የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ጌም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ አርጅቷል፤ እኔ ግን ዛሬም ደባርቅ ላይ መብራት በኖረ ቁጥር እጫወተዋለሁ። በተጫወትኩ መጠን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ በትኖ የሚተኩስ ሰው የቱን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል በሜትር ለክቶ የተቀበለ ሰው መሆኑ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቶርፔዶው ቀርፋፋነት ነው። በጌሙ ውስጥ ያለው የጀርመኖቹ የኤሌክትሪክ ቶርፔዶ በ30 ኖት ይጓዛል፤ በሰከንድ 15 ሜትር ገደማ። አንድ ኪሎ ሜትር ለመድረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በ8 ኖት የምትሄድ የንግድ መርከብ 267 ሜትር ተጉዛለች። ርዝመቷ 120 ሜትር ቢሆን፣ አንተ ስትተኩስ ከነበረችበት ቦታ ከራሷ ርዝመት እጥፍ በላይ ርቃለች። እዚህ ሰሜን ተራራ ሥር ገብስ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን የሚለቀው ጭላዳው ወደሚደርስበት እንጂ ወዳለበት አይደለም፤ ሰርጓጁም የሚተኩሰው ገና ማንም ወዳልደረሰበት ባዶ ውሃ ነው።

መርከቧ ከፊትህ በቀጥታ አቋርጣ ስታልፍና አንተም ቶርፔዶውን ሳታጣምም ስትለቅ፣ የምትቀድማት ማዕዘን 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ርቀቱ 500 ሜትርም ሆነ 3000 ሜትር ማዕዘኑ ያው ነው፤ ቶርፔዶውም መርከቧም የሚጓዙት በዚያው ልክ ስለሚረዝም። ይህን ያወቀ ተጫዋች ርቀት መለካቱን ይተውና ልፋቱን ሁሉ ፍጥነት ላይ ያደርጋል። ትክክልም ነው። ችግሩ የሚመጣው ፍጥነቱ ራሱ ሲሳሳት ነው።

ፍጥነት የሚለካው በሰዓት ነው። ሰርጓጇን አቁመህ የፔሪስኮፑን ቀጭን መስመር አንድ ቦታ ላይ ታጸናለህ። የመርከቧ አፍንጫ መስመሩን ሲነካ ሰዓቱን ታስነሳለህ፣ ጭራዋ ሲያልፍ ታቆማለህ። 120 ሜትር በ29 ሰከንድ ካለፈች ፍጥነቷ 8 ኖት ነው። በ26 ሰከንድ ካለፈች 9 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሰከንድ ብቻ! ማዕበሉ ፔሪስኮፑን ሲሸፍነው፣ ጭራዋ ከጭጋጉ አልለይ ሲል፣ ሦስት ሰከንድ በቀላሉ ያመልጣል።

አንድ ኪሎ ሜትር ላይ የአንድ ኖት ስህተት 33 ሜትር ነው። መሐሏን ካነጣጠርክ በግራም በቀኝም 60 ሜትር ስላለህ ትመታለህ። ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ግን ያው ስህተት 100 ሜትር ይሆናል፤ ቶርፔዶው በባዶ ውሃ ያልፋል።

አንድ የዳባት ልጅ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ አራት ቶርፔዶ ካለዎት ለምን አራቱንም መሐሏ ላይ አይለቁባትም?» አለኝ። «ፍጥነቷን ተሳስቼ ከሆነ አራቱም አብረው ይስታሉ፤ አንድ ስህተት አራት ጊዜ መተኮስ ነው» አልኩት። ወረቀት አምጥተን አሰላነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ዲግሪ 52 ሜትር ነው። አንዱን መሐል፣ አንዱን ሁለት ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ አንዱን ሁለት ዲግሪ ወደ ግራ ብንለቅ፣ በመካከላቸው 105 ሜትር ክፍተት ይኖራል። መርከቧ 120 ሜትር ስለሆነች ሾልካ ማለፍ አትችልም። ሦስት ሦስት ዲግሪ ብናደርገው ግን ክፍተቱ 157 ሜትር ይሆናል፤ በሁለት ቶርፔዶ መሐል ምንም ሳትነካ ልታልፍ ትችላለች። ልጁ እርሳሱን ተቀብሎኝ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን ራሱ ሠራው፤ ሁለት ዲግሪ እዚያ 35 ሜትር ብቻ ስለሆነ ሦስቱም አንዷኑ መርከብ ይመታሉ። «እንግዲያማ ከቅርብ መበተን ብክነት ነዋ!» አለ። ነው፤ መርከቧ ትልቅ ካልሆነች በቀር።

ስለ ብተና ሳወራ ሁልጊዜ የማነሣት አንዲት ሰርጓጅ አለች። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን የሠራቸውን 17 ሰርጓጆች በእኛና በአካባቢያችን ቦታዎች ስም ሰይሟቸዋል፤ አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ አላጄ፣ መቀሌ፣ ሽሬ እያለ። እያንዳንዳቸው ከፊት አራት፣ ከኋላ ሁለት የቶርፔዶ ቱቦ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1942 ምሽት ላይ፣ በሬናቶ ፌሪኒ የምትመራው አክሱም ወደ ማልታ የሚጓዝ የእንግሊዞችን የመርከብ ቅፍለት ሜዲትራኒያን ላይ አገኘች። አራት ቶርፔዶ ለቀቀች፤ ሦስት መርከቦች ተመቱ። ናይጄሪያ የተባለው ክሩዘር ተጎድቶ ወደ ጅብራልታር ተመለሰ፤ ካይሮ የተባለው ሰጠመ፤ ኦሃዮ የተባለው ነዳጅ ጫኝ ጎኑ ተቀደደ።

ይህን ብዙዎች የአነጣጣሪው ተአምር ያደርጉታል። እኔ ግማሹን ለቅፍለቱ እሰጣለሁ። መርከቦቹ በዚያች ሰዓት ከአራት መስመር ወደ ሁለት መስመር እየተሸጋሸጉ ስለነበር፣ አንዱን የሳተ ቶርፔዶ ከኋላው ሌላ ይጠብቀዋል። ፌሪኒን የማደንቀው ያንን ሰዓት ስላወቀበት ነው። የተመቱት ሁለቱ ክሩዘሮች ደግሞ ለቅፍለቱ ተዋጊ አውሮፕላኖችን በሬዲዮ የሚመሩት ነበሩ፤ እነሱ ሲጠፉ አውሮፕላኖቹ መሪ አጡ። ኦሃዮ ግን አልሰጠመም፤ በአጥፊ መርከቦች ተደግፎ ኦገስት 15 ማልታ ገባ።

ከ17ቱ ሰርጓጆች ጎንደር የተባለችው በአሌክሳንድሪያ አቅራቢያ ታድና እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1940 ሰጠመች። ልክ በዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1941፣ አድዋ ሰጠመች። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ እዚሁ ከደባርቅ በላይ ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጥቶ ነበር፤ ዋናዋ ጎንደር ደግሞ በኖቬምበር 27 ነፃ ወጣች። ከ17ቱ ሰርጓጆች ጦርነቱን የጨረሰችው አላጄ ብቻ ናት።

እነዚያ ስሞች የእኛ ናቸው፤ በወራሪ ብረት ላይ መጻፋቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልጆቻችን ይህን ታሪክ ሳያውቁት በጀርመን ሰርጓጅ ብቻ ሲጫወቱ ማየት አልፈልግም። ጌም መሥራት የጀመራችሁ ወጣቶች የኦገስት 12ን ምሽት ብትሠሩት እወዳለሁ፤ የሚሸጋሸግ ቅፍለት፣ አራት ቱቦ፣ አንድ ዕድል፣ ሁሉም ነገር በአማርኛ። የማዕዘኑንና የክፍተቱን ሒሳብ እኔ እሠራላችኋለሁ፤ መልእክት ላኩልኝ።