ዓሣው ታየ፤ ከዚያስ?



ሰሞኑን ጣና ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ የሰፈራችን ወጣቶች ከዐስር ሶላት በኋላ ጥያቄ ይዘው መጡ። ዓረብ ሀገር ያለ ዘመዳቸው ዓሣ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ መሣሪያ ሊልክላቸው ነው። «የትኛውን ላክ እንበለው?» አሉን። አንዱ ደግሞ «በመሣሪያ እያየን ብናጠምድ ተወኩላችንን አይጎዳም ወይ?» ሲል ጨመረ። ስለ ሁለቱም አብረን የተነጋገርነውን ለእናንተም እናካፍላችሁ።

መሣሪያው ሶናር ነው። ዋናው ክፍሉ ውኃ ውስጥ የሚገባው ትራንስዱሰር ነው። በውስጡ ያለው ሴራሚክ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይርገበገብና የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይለቃል። ድምፁ ዓሣውን ወይም የሐይቁን ወለል መትቶ ሲመለስ ያው ሴራሚክ ይቀበለዋል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መሣሪያው ደርሶ የተመለሰበትን ጊዜ ለክቶ ጥልቀቱን ያሰላል። ከዓሣው አካል ድምፁን አጉልቶ የሚመልሰው በሆዱ ውስጥ ያለው አየር የያዘ ከረጢት ነው። ሱብሓነላህ! አላህ ዓሣው ውኃ ውስጥ እንዲንሳፈፍበት የሰጠው ነገር ለአጥማጁ ምልክት ሆነ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። 50 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራው ትራንስዱሰር ድምፁ ሩቅ ስለሚወርድ ለባሕር ጥልቀት ነው። ጣና ግን ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው፤ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ 200 ኪሎ ኸርዝ ይሻላል፤ ዝርዝሩን አጥርቶ ያሳያል። ነገር ግን ድምፁ እንደ ፋኖስ ብርሃን ወደ ታች እየሰፋ ይወርዳል። የስፋቱ ማዕዘን 20 ዲግሪ ከሆነ 8 ሜትር ታች የሚያየው ክብ ስፋቱ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። 60 ዲግሪ የሆነው 9 ሜትር ያህል ያያል፤ በምትኩ ጥራቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱን ማዕዘን የያዘ ቢሆን ይመረጣል። ወደ ግራና ቀኝ የሚያይ ትራንስዱሰርም አለ። ለእንዲህ ዓይነት ጥልቀት ለሌለው ውኃ በጣም ይጠቅማል፤ ጀልባዋ ግን ቀስ ብላ ቀጥ ብላ መሄድ አለባት፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ድምፁ አየርን አያልፍም። ትራንስዱሰሩ በደንገል ታንኳ ውስጥ ቢቀመጥ ምንም አያሳይም። በጀልባው ጎን ውኃ ውስጥ ይንጠልጠል፤ ከሞተሩ አረፋም ይራቅ።

ስክሪኑ ላይ ዓሣ እንደ ቅስት ሆኖ ይታያል። የቅስቱ ርዝመት ግን የዓሣውን ትልቅነት አያሳይም፤ በድምፁ ክልል ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ነው የሚያሳየው። ጭቃው ላይ የተኛ አምባዛ ደግሞ ከወለሉ ጋር ተቀላቅሎ ላይለይ ይችላል። መሣሪያው ያላሳየው ሁሉ የለም ማለት አይደለም።

የተወኩሉ ጥያቄም እዚህ ላይ ይመለሳል። መረብ ሰበብ እንደሆነ ሁሉ ሶናርም ሰበብ ነው። ዓሣው የት እንዳለ ያሳያል እንጂ መረብ ውስጥ አያስገባም። ሪዝቁ ከአላህ ነው። እኛ ፈትዋ የመስጠት ደረጃ ላይ አይደለንም፤ ጥልቅ ጥያቄ ያለው ዑለማን ይጠይቅ።

እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። በሱረቱል አዕራፍ የተነገረውን የባሕር ዳርቻዋን ከተማ ታሪክ አስታውሱ። በተከለከሉበት በቅዳሜ ቀን ዓሣው በግልጽ ይመጣላቸው ነበር፤ በሌላው ቀን ይጠፋል። ፈተናቸው የዓሣ እጦት አልነበረም፤ ዓሣው ዓይናቸው ሥር መሆኑ ነበር። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚተርኩት ዓርብ መረብ ዘርግተው እሑድ እየሰበሰቡ ብልጠት ፈጠሩ።

ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የምንለው ዘር በክረምቱ፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣል። ያኔ በወንዙ አፍ ተጨናንቆ ይገኛል። በሞተር ጀልባ ማጥመድ ከተጀመረበት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ይህ ዓሣ በጣም መመናመኑን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ያለ ሶናር እንዲህ ከሆነ፣ በሶናር ምን እንደሚሆን አስቡት! እናት ዓሣን ከነእንቁላሏ መያዝ የዘንድሮን ገንዘብ ያስገኝ ይሆናል፤ የልጆቻችንን ሪዝቅ ግን ይቆርጣል።

ለወጣቶቹ እንዲህ አልናቸው፦ መሣሪያውን አስመጡ፤ ነዳጅም ድካምም ይቀንስላችኋል። ነገር ግን ከመምጣቱ በፊት በመካከላችሁ ቃል ተግባቡ። በእርባታው ወራት በወንዝ አፍ መረብ አትዘርጉ፤ ትንንሹን የሚይዝ ጠባብ መረብም ተዉ። ያልሰማውንም ወንድማችሁን በመልካም ምከሩት።

አላህ ሐላል ሪዝቅን ያስፋልን፤ የሰጠንንም አማና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።