ውሃ በጥቁር አፈር አገር

የየጥኖራና የቢቸና ጥቁር አፈር በሚያዝያ ክንድ የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። በሐምሌ ስንጥቁ የለም፤ አፈሩ አብጦ ገጥሟል፣ ማሳው ውሃ አቁሯል። የውሃ ሞለኪውል በኦክስጅኑ በኩል በትንሹ ኔጋቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ የአንዱ ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክስጅን ይይዛል፤ የሃይድሮጅን ትስስር የሚሉት ይህን ነው። ውሃ በነዚሁ ጫፎቹ የሸክላ አፈሩን ስስ ንብርብሮችም ይይዛል፤ በመካከላቸው እየገባ ያራርቃቸዋል፣ አፈሩም ያብጣል።

ክረምቱ ሲወጣ ገበሬው ሽምብራና ጓያ የሚዘራው አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ተማምኖ ነው። ግን ከዚያ እርጥበት ከፊሉ ለሰብሉ አይደርስም፤ አፈሩ አጥብቆ ስለሚይዘው ሥር ስቦ አያወጣውም። ሰብል በጠወለገበት ማሳ ውስጥ ገና ውሃ አለ።

*

ሞጣና ቢቸና ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ባቄላም አልበስል ይላል። አንዴ ከፈላ በኋላ ማገዶ መጨመር እንፋሎቱን ያበዛል እንጂ ውሃውን አያሞቀውም። ማታ መዘፍዘፍና ድስቱን መክደን ይሻላል።

የሃይድሮጅን ትስስሩ ባይኖር ድስት የሚሞላ ውሃም ባልተገኘ ነበር። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሞለኪውሉ ከውሃ ወደ ሁለት እጥፍ ይከብዳል፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ጠንካራ ትስስር ስለሌለው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

*

እንስራ ያልባል፤ ውሃውን የሚያቀዘቅዘውም ላቡ ነው። ከገላው የሚተን 1 ግራም ውሃ ትስስሩን በጥሶ ለመሄድ ብዙ ሙቀት ይወስዳል፤ ያ ሙቀት ከ100 ግራም ውሃ ቢቀነስ ውሃው በ6 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። ጀሪካን አያልብም። የእናቶችን ጀርባ ስላሳረፈ ለመቅጃ ጀሪካን ይሁን፤ ለቤት ማስቀመጫ ግን እንስራን የሚተካ አላየሁም።

*

የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ውሃ ሲረጋ እያንዳንዱ ሞለኪውል አራት ጎረቤቶቹን በተወሰነ ርቀት ስለሚይዝ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የረጋ ውሃ ድንጋዩን ይፈለቅቃል።

*

የቢቸናና የሞጣ የኬሚስትሪ መምህራን ሆይ፦ ቴርሞሜትር ካላችሁ ተማሪዎቻችሁ ፊት ውሃ አፍሉና ለኩ። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል፤ ተማሪዎቹ በዓይናቸው 92 አካባቢ ያንብቡና ለምን እንደሆነ ይጠይቋችሁ።