ተረክቦ ዝም የሚል ሰርቨር

በየመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል የላከ ሰው ወዲያው ስልክ ያነሳል፦ «ልኬልሃለሁ፣ ገባልህ?» የአይቲ ልጆች በዚህ ይስቃሉ። እኔ ግን ደዋዩ ልክ ነው ባይ ነኝ። ሜይል ሰርቨር ላይ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለላኪው «ተረክቤያለሁ» ተብሎለት የትም ሳይደርስ የሚቀረው መልእክት ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የደንቡ አይደለም። ጆን ፖስቴል በ1982 እ.ኤ.አ. የጻፈው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ፣ ጉዳዩን ገና በር ላይ ይጨርሰዋል። ላኪው ሰርቨር ማን እንደሆነ ይናገራል፣ ቀጥሎ «ለእገሌ ነው» ይላል፣ ተቀባዩም እዚያው ይመልሳል። 250 ማለት እሺ፣ 450 ማለት ቆይተህ ተመለስ፣ 550 ማለት እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም ነው። መልእክቱን ሙሉውን ወስዶ 250 ካለ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ኃላፊነት የእሱ ነው፤ ወይ ያደርሳል፣ ወይ አለማድረሱን ለላኪው ያሳውቃል።

ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ አደረጃጀት ነው፦ ከፊት ፖስትፊክስ የተጫነበት ሊኑክስ ስፓም ያጣራል፣ ከኋላ ደግሞ የሠራተኛው የኢሜይል ሳጥን ያለበት ኤክስቼንጅ ይቀመጣል። የፊተኛው ማን እዚያ እንደሚሠራ የሚያውቀው ነገር የለም። የግቢውን ነዋሪዎች የማያውቅ ዘበኛ ለመጣው ሁሉ በሩን ይከፍታል፤ ስፓመሩም በግምት «ኢንፎ»፣ «ሴልስ»፣ «አበበ»፣ «አልማዝ» እያለ የጻፈው ሁሉ ይገባለታል። የኋለኛው «የለም» ሲል የፊተኛው መልእክቱን ተሸክሞ ይቀራል፤ ያለው ምርጫ ለላኪው መመለስ ብቻ ነው። የላኪው አድራሻ ደግሞ የሐሰት ነው። ስለዚህ ምንም የማያውቅ ሰው ሳጥን ያልላከው መልእክት «ተመላሽ» በሚል ይሞላል። ባክስካተር የሚባለው ይኸው ነው። ጥቂት ሲቆይ የመሥሪያ ቤቱ አይፒ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ አድሚኑም የስፓም ማጣሪያውን ማጥበቅ ይጀምራል። ችግሩ ግን ማጣሪያው ጋ አልነበረም።

እኔ የምመርጠው መፍትሔ አሰልቺው ነው፦ የሠራተኞቹን አድራሻ ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ አውጥቶ ለፊተኛው ሰርቨር መስጠት፣ ዝርዝሩንም በየጊዜው ማደስ። ይህ ካልተቻለ ፖስትፊክስ ራሱ ይጠይቃል። ሊልክ እንደመጣ ሆኖ ወደ ኤክስቼንጅ ይሄዳል፣ «ለእገሌ» ይላል፣ መልሱን ሰምቶ ምንም ሳይልክ ይወጣል። የሰማውንም ይመዘግባል። እዚህ መዝገብ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። «አለ» የተባለ አድራሻ እስከ 31 ቀን፣ «የለም» የተባለ እስከ 3 ቀን ይያዛል፤ «የለም» የተባለውን እንደገና የሚያጣራው ደግሞ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሳጥኑ ሳይከፈትለት አንድ ሰው ከጻፈለት፣ ሳጥኑ ከተከፈተም በኋላ ኢሜይሉ ለሰዓታት ይመለሳል። አድሚኑ ሪስታርት ያደርጋል፤ ለውጥ የለም፤ ከ2.7 ቨርዥን ጀምሮ መዝገቡ የሚቀመጠው ዲስክ ላይ ነውና። ያንን መስመር ከፋይሉ መሰረዝ ወይም መጠበቅ ነው።

ሌላም አለ። ፖስትፊክስ አጣርቶ ላላገኘው አድራሻ በራሱ የሚሰጠው መልስ 450 ነው፣ «ቆይተህ ተመለስ»። ለሙከራ ጊዜ ጥሩ ጥንቃቄ ነው፤ የተሳሳተ ሴቲንግ የሰው ደብዳቤ አያስጠፋም። ሙከራው አልቆ ወደ 550 ካልተቀየረ ግን አንድ ፊደል የሳተ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። የእሱም ሰርቨር ፖስትፊክስ ከሆነ፣ ሴቲንጉ ካልተነካ፣ 5 ቀን ሙሉ እየደጋገመ ይሞክርና ነው ለላኪው የሚነግረው። የጨረታ ቀን ያልፋል በዚህ መካከል።

ጥያቄው ሁልጊዜ «አለ» የሚል መልስ ካመጣ ደግሞ ፖስትፊክስን ተዉትና ኤክስቼንጅን ተመልከቱ። ከ2013 ቨርዥን ወዲህ ያለው ኤክስቼንጅ ከፊት በኩል ለማንኛውም ስም እሺ ይልና እምቢታውን መልእክቱ ሙሉ ከደረሰው በኋላ ሊያመጣው ይችላል። ጠያቂው ግን እስከዚያ አይቆይም፤ «እሺ» የሚለውን ሰምቶ ወጥቷል።

የላኪውን አድራሻ በዚሁ መንገድ ማጣራትስ? እኔ እቃወማለሁ። ስፓመሩ ስሙን የሰረቀበትን ሰው ሰርቨር በጥያቄ ማጨናነቅ ነው፤ የሚገኘው መልስም አድራሻው መኖሩን እንጂ እሱ መላኩን አይናገርም። ለዚያ ኤስፒኤፍ እና ዲኪም አሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ማጣሪያው መሄድ። ትናንት ሲሠራ የነበረ ሰርቨር ዛሬ የመጣውን ሁሉ ከመለሰ መጀመሪያ ዲኤንኤሱን እዩ። ጥቁር መዝገብ የሚያዘጋጀው ስፓምሃውስ በ8.8.8.8 ዓይነት የሕዝብ ዲኤንኤስ በኩል ለሚመጣ ጥያቄ 127.255.255.254 ብሎ ይመልሳል፤ ትርጉሙ «በዚህ በኩል አትጠይቁኝ» ነው። «ማንኛውም መልስ ከመጣ አይፒው ጥቁር መዝገብ ውስጥ አለ» ተብሎ የተዋቀረ ሰርቨር ግን ዓለምን በሙሉ ስፓመር ያደርጋል። የራስን ዲኤንኤስ መጫን፣ የሚቆጠሩትንም መልሶች ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

የስፓም ማጣሪያው ስፓምአሳሲን ደግሞ ነጥብ ይደምራል፤ 5 ሲሞላ ስፓም ይላል። ቋንቋ የሚለየው ክፍሉ በርቶ የተፈቀደው እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ገና ሳይነበብ ነጥብ ይቆጠርበታል። ከምሳሌ ፋይል ገልብጦ የለጠፈ ሰው ይህን ላያየው ይችላል። ከሰው የሚማረው ክፍል ደግሞ 200 ስፓምና 200 ጤነኛ መልእክት ካላየ ሥራ አይጀምርም። ጤነኛ ብላችሁ የምታሳዩት ሁሉ የእንግሊዝኛ ከሆነ ስለ አማርኛ ደብዳቤ የሚያውቀው ነገር አይኖረውም፤ ስለዚህ የቢሮውን ደብዳቤዎች፣ «ጉዳዩ፦» ብለው የሚጀምሩትን ሁሉ፣ አሳዩት።

የእኔ አደረጃጀት ይህ ነው። ከ10 ነጥብ በላይ ያመጣውን ግንኙነቱ ሳይዘጋ በ550 እመልሳለሁ፤ እውነተኛ ሰው ከሆነ ሰርቨሩ ወዲያው ይነግረዋል። ከ5 እስከ 10 ያለውን በተቀባዩ የራሱ የስፓም ፎልደር ውስጥ አስቀምጣለሁ። የአይቲ ክፍሉ ብቻ የሚያየው ማቆያ አልከፍትም፤ እዚያ የገባውን ማንም አይከፍተውም።