አክንባሎና ኔትወርክ

እኛ አለን። ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ በጣም አለን።

ዛሬ የቤታችንን ጉድ ልናወራችሁ ነው። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግራውንድ። ከፊቱ ብሎክ፣ ከጀርባው ብሎክ፤ ምሰሶውና ጣሪያው ደግሞ ሆዱ ብረት የሞላ ኮንክሪት ነው። እናላችሁ ኔትወርክ በራችን ድረስ መጥቶ፣ ትንሽ ያስብና ይመለሳል። ለእኛ ለሁለታችን ብዙም ችግር አልነበረውም። ሜሴጅ ለመላክ ደጅ መውጣት ለምደናል፤ እንዲያውም ጎረቤት የተዋወቅነው በዚያ ነው።

ችግሩ አርብ ማታ ነው። ታላቅ እህታችን ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። ማዳሟ ስልኳን የምትሰጣት አርብ ማታ፣ ያውም የመጨረሻው ሳህን ታጥቦ ካለቀ በኋላ፣ ለግማሽ ሰዓት ነው። በኢሞ ትደውላለች። ባለፈው ክረምት እማዬ ጉልበቷን ልትታከም ከመንዝ መጥታ እኛ ጋ አረፈች። የልጇን ፊት ካየች አራት ዓመቷ ነበር። አርብ ደረሰ፣ ስልኩ ጮኸ፣ እህታችን «እማ…» አለች፤ ምስሉ እዚያው ላይ ድርቅ አለ። አፏ እንደተከፈተ፣ ዓይኗ ግማሽ እንደተከደነ።

«ምን ሆነች? ለምን ዝም አለች?»

ኔትወርክ ነው ብንላት በጄ አላለችም። የደበቅናት ነገር ያለ መሰላት። ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥና ስትጸልይ ሰማናት። በነጋታው ቤት ያፈራውን መላ ሁሉ መሞከር ጀመርን።

መጀመሪያ ስቲከር ገዛን። ከባትሪው ጀርባ የሚለጠፍ፣ ወርቃማ መስመር የተሳለበት፣ «ኔትወርክ መጨመሪያ» የሚሉት ነገር። ምንም! ቀጥለን ስልኩን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቀለልነው (አትሳቁ፣ የሰፈር ምክር ነው)። ያቺው የነበረችው አንድ መስመርም ጠፋች። ከመካከላችን አንዷ ጋዜጠኝነት ተምራለች፣ ይቺን የምትጽፈው ማለት ነው፤ ዲግሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤቱ ጠቀመና ነገሩን ስታነብ አመሸች። ለካ ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1836 አሳይቶት ነበር፤ ዙሪያውን በብረት የተከበበ ነገር ውስጥ ከውጭ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ አይገባም። እኛ ለስልካችን እስር ቤት ሠርተንለታል!

የስቲከሩም ነገር በዚያው ማታ ተገለጠልን። የሞባይል ሞገድ ርዝመት አለው፤ በ900 ሜጋኸርዝ 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በ2100 ደግሞ 14 ገደማ። ሞገዱን ሰብስቦ የሚመልስ ብረት ቢያንስ የዚያን ያህል መተለቅ አለበት። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ስቲከር ምን ልታደርግ ትችላለች?

ይሄኔ ነው አባባ ትዝ ያለን። ልጆች ሆነን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይወጣና አንቴናውን ያዞረዋል፤ እኛ በር ላይ ቆመን እንጮሃለን። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጣ መጣ! እንዳትነካው!» ያ የዓሣ አጥንት የሚመስለው አንቴና እኮ እ.ኤ.አ. በ1926 ጃፓን ውስጥ ያጊና ኡዳ በሚባሉ ሁለት ሰዎች የተፈለሰፈ ነው። ኋላ ያለው ዘንግ ሞገዱን ይመልሳል፣ ፊት ያሉት ይመራሉ፤ ስለዚህ ወደ ማሠራጫው መዞር ነበረበት። አባባ ይሄን አላነበበም፤ ግን ያውቀው ነበር።

እኛም ማዞር ጀመርን። ቤቱን እየዞርን ለካን። ለመለካት በመስመሮቹ አትመኑ፤ አንድ መስመር ስንት እንደሆነ የሚወስነው የስልኩ አምራች ነው። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ሥር የሲሙን ሁኔታ ክፈቱ፣ በዴሲቤል የተጻፈ ቁጥር ታገኛላችሁ። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። መኝታ ቤት ጭራሽ የለም። ኩሽናው መስኮት ላይ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ማማ በሁለት ብሎክ መካከል በሚታይበት ጥግ፣ ከዜሮ በታች 113። ከስልኩ ኋላ፣ አንድ ጋት ያህል ራቅ አድርገን (ብረቱን ከነካ ይብሳል) የኤሌክትሪክ ምጣዱን የአሉሚኒየም አክንባሎ ሆዱን ወደ ማማው አዙረን አቆምነው። 106! ሰባት ዴሲቤል ማለት ጉልበቱ አምስት እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። በየቤቱ እንዲህ ይሆናል አንልም። ግን ተረት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ዳርትመዝ ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎችም ከዋይፋይ ራውተር አጠገብ የሚቆም፣ በስስ ብረት የተሸፈነ ፕላስቲክ ሠርተው ምልክቱን ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ማጠናከር ችለዋል። የእነሱ ቅርጹ በኮምፒውተር የተሰላ ነው፤ የእኛ ሽሮ የተንጠባጠበበት።

እማዬ ግን ኩሽና ቆማ ማውራት አትችልም፤ ጉልበቷ። እዚህ ላይ ነው ዋናው ዘዴ (ሌላውን ብትረሱት ይቺን ያዙ)። መስኮቱ ላይ ያለውን ስልክ ሆትስፖት ከፈትንና እዚያው ተውነው። ሌላኛውን ስልክ በዋይፋይ አገናኝተን አልጋዋ ላይ ሰጠናት። ከማማው ጋር የሚታገለው አንደኛው ነው፤ ሁለተኛው ከኩሽና እስከ አልጋ ያለችውን አንድ ግድግዳ ብቻ ነው የሚያልፈው። እማዬ ስልክ የምትይዘው በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ነው፤ እጅ ደግሞ አንቴናን ይጋርዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 አፕል አይፎን 4ን ሲያወጣ በዚሁ በእጅ አያያዝ ነገር ተወቅሶ በነፃ ማቀፊያ እስከማደል ደርሷል። እኛ ማቀፊያ ስለሌለን ትራስ ላይ አስደገፍነው።

«የእንጀራ አክንባሎ መስኮት ላይ አቁማችሁ! ጎረቤት ምን ይላል?» አለች እማዬ።

አርብ ማታ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተደወለ። ምስሉ አንዴ ተንተባተበ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። እህታችን ከስታለች። ፀጉሯን ተቆርጣለች፤ አልነገረችንም ነበር። እማዬ ስክሪኑን በጣቷ እየነካች «ይሄ ምንድነው? እጅሽን ምን ነካው?» አለቻት። ዘይት ነው። እኛ በየሳምንቱ በድምፅ ብቻ ስናወራት ደህና ነኝ ስትል ነበር። ሃያ ስድስት ደቂቃ አወሩ፤ ስለ እጁ አሥሩን።

እማዬ አሁንም እኛ ጋ ናት። አርብ አክንባሎው ሥራ ላይ ስለሆነ፣ እንጀራ የምንጋግረው ሐሙስ ነው።