ዓይነ ስውሩ የዜማ ተማሪ

ልጆች ሆይ፤ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ መራዊን ያገኛል። በዚያ አገር፥ በቆጋ ወንዝ አጠገብ፥ ከገበሬ የተወለደ አንድ ልጅ ነበረ። በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ይዞት ሁለቱ ዓይኖቹ ጠፉ። (ይህ ክፉ በሽታ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የተነገረው በ1972 ዓ.ም. ነው።) አባቱም፦ «በደጀ ሰላም ተቀምጦ ከመለመን በቀር ምን ይሆናል?» እያለ ያዝን ነበር። ልጁ ግን ቅዳሴ በሰማ ቀን ዜማውን ይዞት ወደ ቤት ይመለሳል። እናቱም ይህን ሰምታ አባቱን ለመነችው፤ ወደ ዜማ ቤትም ወሰደው።

የኔታ ተቀበሉት። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች ቁራሽ ይለምን ጀመር። መንገዱን ስለማያይና ውሻም ስለሚያስፈራው የኔታ ከተማሪዎቹ አንዱን ጠርተው፦ «በትሩን ይዘህ ምራው፤ ቀንም ድጓውን አንብብለት» አሉት።

በድጓ ፊደል ራስ ላይ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ ይዘት፥ ደረት፥ ጭረት፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ርክርክ ይባላሉ። ድምፅ የት እንዲወጣ፥ የት እንዲወርድ የሚያሳዩ እነርሱ ናቸው። መሪው ልጅ ቃሉን ብቻ እያነበበ ምልክቱን ይዘል ነበርና ዓይነ ስውሩ ተሳሳተ። የኔታ ግን ያዜመውን ትተው ያነበበውን ገሠጹ። መሪው አፈረ፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ምልክት በስሙ ይጠራለት ጀመር። ይህን ሲያደርግም ሳያውቀው ራሱ ምልክቱን ሁሉ ተማረ።

ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። የቃል ትምህርት በጨለማ ነውና መብራት አይበራም፥ መጽሐፍም አይገለጥም። የኔታ ያዜማሉ፥ ተማሪዎቹም ይቀበላሉ፤ መሪው የረሳውን ዓይነ ስውሩ ያስታውሰዋል። የዝማሜውን ስልት ለማስተማር ግን የኔታ እጁን ከመቋሚያው ጋር በእጃቸው ይዘው ያወዛውዙት ነበር።

በሩቅ አገር በፈረንሳይም ሉዊ ብራይል የሚባል ዓይነ ስውር ነበረ፤ እርሱም በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይመታ ነበር። በ15 ዓመቱ በጣት የሚዳሰስ የነጥብ ጽሕፈት አወጣ፤ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1829 ዓ.ም. ደግሞ ዜማ በነጥብ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ለቆጋው ልጅ ይህ አልደረሰውም፤ መጽሐፉ የባልንጀራው አፍ ነበረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አባቱ ሊጠይቀው መጣ። ልጁ መሪጌታ ሆኖ በተማሪዎች መካከል ተቀምጧል። ዓይናማው ተማሪ ድጓውን ዘርግቶ እያየ ሲያዜም፥ መሪጌታው እጃቸውን አንሥተው፦ «መልስ፥ ልጄ፤ ደረቱን ዘለልኸው» አሉት። አባትዮው በደጃፉ ቆሞ እስኪጨርሱ ድረስ ጠበቀ።