የመርፌና የክር መልእክት

በቻይንኛ «ፌንግሼንግ» የነፋስ ድምፅ ማለት ነው፤ ከተዘጋ በር ሥር ሾልኮ የሚወጣ ጭምጭምታም በዚሁ ቃል ይጠራል። ደራሲው ማይ ጂያ እ.ኤ.አ. በ2007 ላሳተመው ልብ ወለድ የሰጠው ስም ይህ ነው። ልብ ወለዱን መሠረት አድርገው ታይዋናዊው ቼን ኩዎ-ፉና ቻይናዊው ጋኦ ቹንሹ በጋራ ያዘጋጁት ፊልም በ2009፣ የቻይና ሕዝባዊ ሪፑብሊክ 60ኛ ዓመት በሚከበርበት ሰሞን ለተመልካች ቀረበ። በበዓል ሰሞን በሚቀርብ ፊልም ብዙውን ጊዜ ሰልፍና ነጋሪት ይበዛል። ይህኛው ግን ጥቂት ሰዎችን አንድ ቤት ውስጥ ቆልፎ ፊታቸውን መመልከትን መርጧል።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1942 ነው። ናንጂንግ በታኅሣሥ 1937 በጃፓን ጦር እጅ ከወደቀች አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ በከተማይቱ የተቀመጠውም በዋንግ ጂንግዌይ የሚመራው አሻንጉሊት መንግሥት ነው። ዋንግ ከመንገድ የተለቀመ ከሃዲ አልነበረም። በወጣትነቱ፣ በ1910፣ የማንቹን ዘውድ እንደራሴ ለመግደል አሢሮ የታሠረ፣ ኋላም የሱን ያት-ሴን የቅርብ ተከታይ የነበረ ሰው ነው። በ1940 በወራሪው ጥላ ሥር መንግሥት ሲያቋቁም ሰንደቅ ዓላማውን እንኳ አልጣለም፤ ከላዩ ቢጫ ጨርቅ ጨመረበት እንጂ። በዚያ መንግሥት ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው እንግዲህ ለጠላት እያገለገለ ለአገሩ የሚሠራ ሊመስለው ይችል ነበር። የፊልሙ ታሪክ የሚበቅለው ከዚህ ጭጋግ ውስጥ ነው።

የአሻንጉሊቱ መንግሥት ባለሥልጣናት እየታደኑ ይገደላሉ። ታኬዳ የተባለው ጃፓናዊ መኮንን ከቢሮው ውስጥ ምሥጢር የሚያወጣ ሰው እንዳለ ተረድቶ ሆን ብሎ የሐሰት ቴሌግራም ያስተላልፋል፤ ከዚያም ቴሌግራሙ በእጃቸው ያለፈውን አምስት ሰዎች ሰብስቦ ከከተማ ራቅ ባለ ትልቅ ቤት ይዘጋባቸዋል። «መንፈስ» በሚል የምሥጢር ስም የሚታወቀው ሰላይ ከመካከላቸው ነው። ችግሩ ግን የሐሰቱ ወሬ አስቀድሞ ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። ጓዶቹ ወደ ወጥመድ እየገሰገሱ ስለሆነ፣ ሰውየው መውጣት ባይችል እንኳ ቃሉ መውጣት አለበት።

ፊልሙን ያላየ አንባቢ ምሥጢሩ ቢነገረው የሚጎድልበት ጥቂት ነው። «መንፈስ» ከሁሉም ይልቅ ቀላል የምትመስለው፣ የባለጸጋ ልጅ፣ ሳቂታዋና ቅብጥብጧ ጉ ሺያኦሜንግ ናት። ተዋናይት ጆ ሹን ይህችን ልጅ ስትጫወት ሳቋን እንደ ጭምብል አታደርገውም፤ እውነተኛ ሳቅ ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ከጎኗ ያለችው ሊ ኒንግዩ የምሥጢር ጽሑፍ ፈቺ ናት። ዝምተኛና ጠንቃቃ ናት፤ በሙያዋ የምትኮራ፣ ከፖለቲካ የራቀች የሚመስላት። ይህን ሚና የተጫወተችው ሊ ቢንግቢንግ በዚያው ዓመት በታይዋን በሚሰጠው የወርቃማ ፈረስ ሽልማት ምርጥ ተዋናይት ተብላለች፤ ተገቢም ነበር።

በማይ ጂያ መጽሐፍ ታሪኩ የሚፈጸመው ሃንግጆ ሲሆን ሰላይዋም ሊ ኒንግዩ ናት። የፊልሙ አዘጋጆች ሁለቱን ሴቶች አለዋወጧቸው። ለውጡ ተመልካችን ለማሳሳት ብቻ የተደረገ አይደለም። ምንም ያልወገነችውን ባለሙያ ከዳር አንሥቶ ወደ መካከል ያመጣታል። ጉ ሺያኦሜንግ መውጫ ስታጣ ማንነቷን ለሊ ኒንግዩ ትገልጥና፣ እንድታጋልጣት ትለምናታለች። የእሷ መጋለጥ ለመልእክቱ ቀዳዳ ይከፍታል። ጠላትን መዋጋት ያልመረጠችው ሊ ኒንግዩ እንግዲህ ወዳጇን በገዛ አፏ ለሞት አሳልፋ እንድትሰጥ ተጠየቀች፤ እምቢ ብትል ብዙዎች ያልቃሉ። ሊ ቢንግቢንግ በዚህ ትዕይንት ጥቂት ቃል ትናገራለች፤ ፊቷ ብቻ ደረጃ በደረጃ ይፈርሳል።

አማርኛ እንደ ጉ ሺያኦሜንግ ላለው ሰው ቀድሞ ያወጣለት ስም አለው፤ የውስጥ አርበኛ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን በከተማ ተቀምጠው ለበረሃ አርበኞች ጥይትና ወሬ ያቀብሉ የነበሩትን፣ እንደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው የተሠቃዩትንና ወደ ኢጣሊያ የተጋዙትን፣ የሚያስታውስ ተመልካች የጉ ሺያኦሜንግን ኑሮ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ባንዳ የሚለው ቃልም አለ። ለሊ ኒንግዩ ዓይነቱ፣ ባንዳም አርበኛም ላልሆነው ደመወዝተኛ ግን ቃሉ አይገኝም።

በፊልሙ መርፌ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ ክፍል የወራሪው አሠቃይ የዉ ጂጉዎን ሥጋ በአኩፓንክቸር መርፌ ይወጋል፤ ዉ ደግሞ ሌላው የውስጥ ሰው ነው። በሌላ ክፍል ጉ ሺያኦሜንግ ልብስ ትሰፋለች። አጭሩና ረጅሙ ስፌት የሞርስ ምልክት ነው። ወንዶቹ መኮንኖች ግድግዳውን፣ ስልኩንና የምግብ ዕቃውን ሁሉ ሲፈትሹ የሴት ስፌት ምን ይናገራል ብሎ የሚያስብ አልተገኘም። ለጓዶቹ የሚላከው ቃል በመጨረሻ በዜማ ተሸሽጎ፣ በቁስለኛው አንደበት ከሐኪም ቤት ይወጣል። የስፌቱ ቃል ግን ለአንዲት አንባቢ ብቻ የተጻፈ ነው።

የስቃዩ ትዕይንት ከሚገባው በላይ ረዝሟል። ካሜራው አንዳንዴ ከተበዳዩ ይልቅ በመሣሪያው የሚደነቅ ይመስላል። ዋንግ ፒንግ የተባለችው አዘጋጅ በ1958 የሠራችው «የማይጠፋው የሬዲዮ ሞገድ» እንዲህ ያለ ነገር አላስፈለገውም። የዚያ ፊልም ጀግና የተቀረጸው በሻንጋይ በምሥጢር የሬዲዮ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው፣ በ1942 በጃፓኖች ተይዞ ከተሠቃየው፣ በመጨረሻም በግንቦት 1949 ከተማይቱ ነፃ ልትወጣ 20 ቀን ሲቀራት ከተረሸነው ከሊ ባይ ሕይወት ነው። እዚያ ሌሊት፣ ጠባብ ክፍልና የቴሌግራፍ ቁልፍ ላይ ያረፈ ጣት በቂ ነበሩ። የ2009ኙ ፊልም መደምደሚያም ሁሉን ነገር አንድ በአንድ ማስረዳት አብዝቷል፤ ተመልካቹ ራሱ የፈታውን እንቆቅልሽ እንደገና ይፈታለታል።

ከማስረዳቱ መካከል ግን አንድ ነገር ይተርፋል። ጦርነቱ አልፎ ዉ ጂጉዎ ሊ ኒንግዩን ያገኛታል። በዕድሜዋ ሙሉ የሌሎችን ምሥጢር ስትፈታ የኖረችው ሴት ወዳጇ የሰፋችውን ልብስ ይዛ ጣቷን በስፌቱ ላይ ታስኬዳለች፤ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፤ ቀስ ብላም ታነበዋለች።