ከውርጭ ወደ ጀንፈል፦ ሃረናን እያቋረጥኩ

በባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ሜዳ ጅብራው ተራርቆ ቆሟል፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ያደባል። ከዚያ መንገዱ ድንገት ቁልቁል ይጥልና የሃረና ደን እስከ አድማስ ይዘረጋል። መጀመሪያ ሽበት ያጎፈረው አስታ፣ ሪራ አካባቢ ኮሶና ቀርከሃ፣ አየሩ ሲሞቅ ዝግባ፣ ዝቅ ሲሉ ደግሞ በዛፎቹ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና። በአንድ መንገድ ከውርጭ እስከ ቆላ አፋፍ የሚያወርድ እንዲህ ያለ ደን አይቼ አላውቅም፤ ልቤን ወሰደው።

ወደ ደሎ መና ስንወርድ ቡናው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሲደርቅ ጀንፈል ይባላል። ጀንፈሉ ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ገለፈት ሆኖ ይቀራል። ቡናው ገበያ ይወጣል፣ ገለፈቱ ይቆለላል። እኔን አላስኬድ ያለኝ ይህ ቁልል ነው።

ገለፈቱ ውስጥ ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ አለ፤ ሁለቱም እርስ በርስ የተቆላለፉ ስኳሮች ናቸው። ይህን ቁልፍ የሚፈቱ፣ ሙቀት የሚወዱ ባክቴሪያዎች አሉ። ከኒውዚላንድ ፍል ውሃ የተገኘው ካልዲሴሉሎሲራፕተር 70 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ፣ ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ውስጥ የእጽዋትን አካል ሰባብሮ ይመገባል፤ ሲመገብም ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅን ሲነድ ጭስ የለውም፣ የሚተወው የውሃ እንፋሎት ነው።

ሙቀቱ ለምን አስፈለገ? ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በዚህ መንገድ ቢበዛ አራት የሃይድሮጅን ሞለኪውል ይገኛል። በለብታ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ግማሹን ያህል ሲሰጡ፣ ሙቀት ወዳዶቹ ወደ ጣሪያው ይጠጋሉ፤ ሙቀት ሲጨምር ሃይድሮጅን የሚያወጣው ኬሚካላዊ ሂደት ይቀናዋልና። ጋዙ ከተጠራቀመ ግን ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ያቀዘቅዛሉ፤ ወዲያው ወዲያው መሳብ አለበት። የሚቀረው በአመዛኙ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም አቼቶን የሚያኮመጥጠው ነገር ነው፤ እሱም ለባዮጋዝ ይሆናል።

አገራችን ለዚህ ሩቅ አይደለችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አማረ ገሠሠ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከአልካሊ ሐይቅ ከተገኘ ባሲለስ ሙቀት የሚቋቋሙ፣ ሄሚሴሉሎስን የሚቆርጡ ሁለት ኢንዛይሞችን አጣርተው አሳይተዋል። ከባሌ በዶዶላ አድርገው ሻሸመኔ ሲደርሱ ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ የሚፈለግበት የሻላ ሐይቅ ዳርቻ ፍል ውሃም ቅርብ ነው።

ችግሩንም አልደብቅም። ገለፈት ውስጥ ያለው ካፌይንና ታኒን ረቂቅ ተሕዋስያንን ያውካል፤ ሃይድሮጅንን ማከማቸትም ውድ ነው። ደግሞ የምለው ስለ ገለፈቱ ብቻ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ለነዳጅ ሲባል ከሃረና አንዲት ቅርንጫፍ እንድትቆረጥ አልፈልግም። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚሁ ባሌ፣ ሮቤ ከተማ ነው። ጥቂት ኩንታል ገለፈት፣ አየር የማያስገባ ጋን፣ ከሻላ የተቀዳ ፍል ውሃ፦ ሙከራው ከዚህ ቢጀመር ደስታዬ ነው።